አዲስ ኦአርኤም በቆየ ዳታቤዝ ላይ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ ገጽ ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው አንድ ላይ ልንመልስላቸው ወስነናል። ጉዳዩ ኦአርኤም ነው፤ ማለትም በፕሮግራም ውስጥ ያሉ ክላሶችንና ኦብጀክቶችን ከዳታቤዝ ሰንጠረዦችና ረድፎች ጋር የሚያዛምድ፣ ዳታቤዝ የሚታዘዝበትን ቋንቋ ኤስኪውኤልንም በእኛ ፋንታ የሚጽፍ መሣሪያ። ጸሐፊዎቹ ሁሉ ይህን መሣሪያ ከእነርሱ በፊት ሌሎች በሠሩት፣ ዛሬም ሌላ ፕሮግራም በሚጽፍበት ዳታቤዝ ላይ ለመጠቀም የተቸገሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ የሽያጭ ዳታቤዝ ተረክቤአለሁ። የሰንጠረዦቹ ስሞች ተቆራርጠው የተጻፉ ናቸው፤ የአንድ ሰንጠረዥ ረድፍ ወደ ሌላው ሰንጠረዥ ረድፍ የሚያመለክትበት፣ ዳታቤዙም የሚጠብቀው ፎረን ኪይ የሚባል ነገር ፈጽሞ የለም፤ ቀን የተቀመጠው በስምንት አሃዝ ጽሑፍ ነው። የቀድሞው የዴስክቶፕ ፕሮግራም አሁንም በየቀኑ ስለሚሠራበት ሊቆም አይችልም። እኔ የራሱ ኦአርኤም ባለው የፓይተን መሣሪያ በጃንጎ አዲስ ዌብ አፕሊኬሽን እንድሠራ ታዝዣለሁ። መጀመሪያ ዳታቤዙን ላስተካክለው ወይስ እንዳለ ልጠቀምበት? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ኦአርኤሙን ትቼ ኤስኪውኤል በእጄ እንድጽፍ ይመክረኛል።

መልስ፦ እንዳለ ይጠቀሙበት። ኦአርኤሞች ሲሠሩ ሰንጠረዦቹን የሚፈጥሩት እነርሱ እንደሆኑ፣ ከእነርሱ ሌላ የሚጽፍባቸው እንደሌለ፣ እያንዳንዱም ረድፍ በአንድ ቁጥር እንደሚለይ ታስቦ ነው። እርስዎ ዘንድ ከእነዚህ ግምቶች አንዱም አይሠራም፤ ኦአርኤሙ የቤቱ ባለቤት ሳይሆን ተከራይ ነው። ስለዚህ ሥራዎ ዳታቤዙን ለኦአርኤሙ እንዲመች ማድረግ ሳይሆን፣ ኦአርኤሙ በዝምታ የያዛቸውን ግምቶች አንድ በአንድ እያወጡ በዳታቤዙ እውነት መተካት ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ስህተት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ሃይበርኔት በሚባለው የጃቫ ኦአርኤም ስሠራ ሰንጠረዦችን በራሱ የሚያሻሽለውን ማስተካከያ «አፕዴት» ላይ ትቼው ነበርና አፕሊኬሽኑ ገና ሲነሣ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረ። አንድ ባዶ ዓምድ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም፤ ነባሩ ፕሮግራም ግን አዲስ ረድፍ ሲያስገባ የዓምዶቹን ስም ሳይዘረዝር እሴቶቹን ብቻ በቅደም ተከተል ይልክ ነበርና፣ የእሴቶቹና የዓምዶቹ ቁጥር አልገጥም ስላለ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንድም ደረሰኝ መመዝገብ አልቻለም። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት ለአዲሱ አፕሊኬሽን የሚሰጠው የዳታቤዝ አካውንት ሰንጠረዥ የመፍጠርም ሆነ የመለወጥ ፈቃድ እንዳይኖረው ያድርጉ። በኮድ ውስጥ የሚደረግ ማስተካከያ አንድ ሰው በስህተት ሊነካው ይችላል፤ ያልተሰጠ ፈቃድ ግን ማንም ቢሳሳት አይሠራም። ጃንጎ ለራሱ የሚፈልጋቸውን የተጠቃሚ፣ የሴሽንና የማይግሬሽን (የሰንጠረዥ ለውጦች መዝገብ) ሰንጠረዦች በተለየ ዳታቤዝ አስቀምጠው፣ የትኛው ሞዴል (አንድን ሰንጠረዥ የሚወክል ክላስ) ወደ የትኛው ዳታቤዝ እንደሚሄድ በራውተር መወሰን ይችላሉ።

ከዚያ በኋላ «ኢንስፔክትዲቢ» የሚባለውን ትእዛዝ ያስኬዱ። ትእዛዙ ያሉትን ሰንጠረዦች አንብቦ የሞዴሎቹን ኮድ ይጽፍልዎታል፤ በእያንዳንዱም ላይ «ማኔጅድ» የሚለውን ምልክት «ፎልስ» ስለሚያደርገው ማይግሬሽን እነዚያን ሰንጠረዦች አይነካቸውም። የሚያገኙት ኮድ ግን ረቂቅ ነው። በእጅ ታርሞ ካለቀ በኋላ ትእዛዙን እንደገና አስኪዶ በላዩ መገልበጥ አይገባም። የተቆራረጡትን ስሞች እዚሁ ላይ ሰው በሚረዳው ስም መተካት ይችላሉ፤ ክላሱና ፊልዱ ሙሉ ስም ይይዛሉ፣ እውነተኛው የሰንጠረዥና የዓምድ ስም ደግሞ ከጎናቸው ይጻፋል። በነገራችን ላይ እነዚያን ስሞች ያሳጠረው ሰው ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ ኦራክል የሚባለው ዳታቤዝ እስከ 12.1 ድረስ ከ30 ባይት በላይ የሆነ ስም አይቀበልም ነበር።

ረጅም ጊዜ ሊወስዱበት የሚገባው አንዱን ረድፍ ከሌሎቹ የሚለየው የፕራይመሪ ኪይ ጉዳይ ነው። በቆዩ የሽያጭ ዳታቤዞች ውስጥ የትእዛዝ ዝርዝሮች ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓምዶች ጥምር ይለያል፤ በትእዛዝ ቁጥሩና በመስመር ቁጥሩ። ጃንጎ እንዲህ ያለውን ጥምር ቁልፍ መደገፍ የጀመረው በ2025 በወጣው 5.2 ነው፤ ከዚያ በፊት «ኢንስፔክትዲቢ» የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ቁልፍ አድርጎ ይጽፈውና ጉዳዩን በአስተያየት መስመር ያስታውሳል። ያንን አስተያየት ሳያነቡ ያለፉ ፕሮግራመሮች ምን እንደሚገጥማቸው ልብ ይበሉ። ትእዛዝ ቁጥር 7041 ሦስት መስመሮች ቢኖሩት፣ የሁለተኛውን መስመር ብዛት ከ5 ወደ 6 ለውጠው «ሴቭ» ሲሉ ጃንጎ የሚልከው ኤስኪውኤል «የትእዛዝ ቁጥሩ 7041 የሆነውን አሻሽል» የሚል ብቻ ነው። በዳታቤዙ ውስጥ ጥምር ቁልፉን የሚጠብቅ፣ ድግግሞሽ የማይፈቅድ ዩኒክ ኢንዴክስ ካለ ትእዛዙ በስህተት ይቆማል፤ ከሌለ ግን ሦስቱም መስመሮች የሁለተኛው ቅጂ ይሆናሉ፤ ዳታቤዙም ያለ ቅሬታ ይቀበለዋል። 5.2 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ እትም ላይ ከሆኑ ጥምር ቁልፉን በግልጽ ይጻፉ፤ እንዲህ ያለው ሞዴል ግን በ5.2 የጃንጎ አድሚን ውስጥ መመዝገብ እንደማይቻል፣ ተራ ፎረን ኪይም ወደ እርሱ ሊያመለክት እንደማይችል አስቀድመው ይወቁ። ያረጀ እትም ላይ ከሆኑ ደግሞ ያንን ሰንጠረዥ በሞዴል ያንብቡ እንጂ በሞዴል አይጻፉበት፤ ሲያሻሽሉ ሁለቱንም ዓምዶች በማጣሪያው ጠቅሰው «አፕዴት» የሚለውን የክዌሪሴት ትእዛዝ ይጠቀሙ። ምንም ቁልፍ ያልተነገረለትን ሰንጠረዥ በተመለከተ ጃንጎ «አይዲ» የሚባል ዓምድ አለ ብሎ ስለሚገምት የመጀመሪያው ክዌሪ ላይ ይወድቃል። ይህ ስህተት ቢያንስ ራሱን ያሳውቃልና ያን ያህል አያስጨንቅም።

ፎረን ኪይ የሌለበት ዳታቤዝ ውስጥ ባለቤት አልባ ረድፎች መኖራቸው አይቀርም። ደንበኛው ተሰርዞ ትእዛዙ ቀርቷል፤ ወይም ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው «ደንበኛ የለም» ለማለት 0 አስገብቷል። እዚህ ላይ ጃንጎ ውስጥ የማያስደስት አንድ ወጥመድ አለ። ግንኙነቱን ባዶ ሊሆን የማይችል አድርገው ከጻፉት፣ ተዛማጁን ረድፍ አብሮ የሚያነበውን «ሴሌክት ሪሌትድ» ሲጠቀሙ ጃንጎ ሁለቱን ሰንጠረዦች በኢነር ጆይን (በሁለቱም በኩል የሚገጥሙትን ረድፎች ብቻ በሚያስቀር ማገናኛ) ያገናኛቸዋል፤ ደንበኛ የሌላቸው ትእዛዞችም ከዝርዝሩ ውስጥ ይጠፋሉ። ዝርዝሩ ላይ 1,000 ትእዛዝ የነበረው 988 ይሆንና የሒሳብ ክፍሉ ድምሩ ከነባሩ ፕሮግራም ጋር አልገጥም እስኪለው ድረስ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ሞዴሉን ከመጻፍዎ በፊት ባለቤት አልባዎቹን የሚቆጥር አንድ ክዌሪ ያስኪዱ፤ ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ግንኙነቱን ባዶ ሊሆን የሚችል አድርገው ይጻፉት፤ ያን ጊዜ ጃንጎ ትእዛዞቹን ሁሉ ወደሚያስቀረው ሌፍት ጆይን ይለውጠዋል።

በጽሑፍ የተቀመጠውን ቀን በተመለከተ፣ በየቦታው እየቀየሩ ከመጻፍ ይልቅ አንድ የራስዎን የፊልድ ክላስ ሠርተው ሲያነቡ ወደ ቀን፣ ሲጽፉ ወደ ስምንት አሃዝ እንዲለውጥ ያድርጉ። አስቸጋሪው ሲመለስ ነው። «00000000» የሚለውን «ቀን የለም» ብለው ካነበቡት፣ ሲጽፉም በዚያው መልክ ይመልሱት እንጂ «ነል» (የዳታቤዙን ባዶ እሴት) አይላኩ፤ ነባሩ ፕሮግራም «ነል» አይቶ ላያውቅ ይችላል። ከዚህ በፊት ግን በዚያ ዓምድ ውስጥ ያሉትን ከእውነተኛ ቀን ውጪ የሆኑ እሴቶች ሁሉ ይቁጠሩ። ስምንት ባዶ ቦታ፣ «99991231»፣ አንዳንዴም የፌብሩዋሪ 30ኛ ቀን ያገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው ለአንድ ሰው አንድ ትርጉም ነበራቸው፤ ሁለቱን በአንድ ባዶ እሴት ካነበቧቸው ሲጽፉ ልዩነታቸው ይጠፋል። ቋሚ ርዝመት ባላቸው የ«ቻር» ዓምዶችም ተመሳሳይ ነገር አለ፦ ኦራክልና ፖስትግሬስ እሴቱን ዓምዱ እስኪሞላ በባዶ ቦታ አስረዝመው ስለሚመልሱት፣ ባለ ሁለት ፊደሉ ኮድ በፕሮግራምዎ ውስጥ ከሁለት ፊደል ጽሑፍ ጋር እኩል አይሆንም። የትርፉን ባዶ ቦታ መቁረጥ የዚያው የፊልድ ክላስ ሥራ ይሁን።

ስለ ባልደረባዎ ምክር፦ ኤስኪውኤል በእጅ መጻፍ ከላይ ካነሣኋቸው ወጥመዶች አንዱንም አያስወግድም፤ ባለቤት አልባው ረድፍና «00000000» የሚባለው ቀን በእጅ የተጻፈውንም ይጠብቁታል። ለሪፖርት ግን ልክ ነው። ስድስት ሰንጠረዥ አገናኝቶ በወር የሚደምርን ሥራ በኦአርኤም ቋንቋ ለመጻፍ ከመታገል በዳታቤዙ ላይ ቪው (እንደ ሰንጠረዥ የሚነበብ የተቀመጠ ክዌሪ) እንዲሠራ ማድረግና ያንን ቪው ለንባብ ብቻ በሚሆን ሞዴል ማንበብ ይሻላል፤ ቪው መጨመር ሰንጠረዥን ስለማይለውጥ ነባሩ ፕሮግራምም አያውቀውም።

ጥያቄ፦ በሃይበርኔት የሠራነው አፕሊኬሽን የደንበኞችን ሰንጠረዥ ከነባሩ ፕሮግራም ጋር ይጋራል። አልፎ አልፎ በነባሩ ፕሮግራም የተስተካከለ መረጃ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በሎጉ ላይ አንድም ስህተት የለም። ሁለት የሥራ ክፍሎች እርስ በርስ መወነጃጀል ጀምረዋል። በየለውጡ የሚያድግ ቁጥር የሚይዝ የቨርዥን ዓምድ ብንጨምር ይፈታልን ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱም ክፍሎች እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። ነገሩን በሰዓት ይዘን እንየው። በ4፡10 አንዲት ሠራተኛ የደንበኛውን ስልክ ለማረም በአዲሱ አፕሊኬሽን ገጹን ትከፍታለች። በ4፡12 በነባሩ ፕሮግራም የሚሠራ ሌላ ሠራተኛ የዚያኑ ደንበኛ የዱቤ ጣሪያ ከ50,000 ወደ 80,000 ያሳድጋል። በ4፡15 የመጀመሪያዋ ስልኩን አርማ ትመዘግባለች። እርሷ ያረመችው ስልክ ብቻ ነው፤ ከገጹ ጋር የተመለሰው ኦብጀክት ግን የ4፡10ን የዱቤ ጣሪያም ተሸክሟል። ሃይበርኔት ካልተነገረው በስተቀር አንድ ረድፍ ሲያሻሽል ያልተለወጡትንም ጨምሮ ሁሉንም ዓምዶች ስለሚጽፍ 80,000 የነበረው እንደገና 50,000 ይሆናል። የኤስኪውኤል ሎጉን ከፍተው ቢያዩ ለአንድ ስልክ እርማት ሠላሳ ዓምድ የሚዘረዝር የማሻሻያ ትእዛዝ ያገኛሉ።

ብዙዎች እዚህ ላይ የሚሰጡት መድኃኒት «ዳይናሚክ አፕዴት» የሚለውን ምልክት በክላሱ ላይ ማድረግ ነው፤ ሃይበርኔት የተለወጡትን ዓምዶች ብቻ እንዲጽፍ ያደርገዋል። አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አያድናችሁም። ከገጹ የተመለሰውን ኦብጀክት በ«መርጅ» የምታስገቡ ከሆነ፣ ሃይበርኔት አሁን ያለውን ረድፍ አንብቦ 80,000 ያገኛል፤ በላዩም የመጣውን 50,000 ይገለብጣል፤ ሁለቱ ስለሚለያዩም የዱቤ ጣሪያው «ተለውጧል» ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መታረም ያለበት የራሳችሁ ኮድ ነው። በመዝገቡ ጊዜ ረድፉን እንደ አዲስ አንብቡ፤ ሠራተኛዋ በገጹ ላይ የለወጠቻቸውን ፊልዶች ብቻ በላዩ አስቀምጡ፤ የቀሩትን አትንኩ። ከዚያ በኋላ ነው «ዳይናሚክ አፕዴት» ጥቅም የሚሰጠው።

የቨርዥን ዓምድ ያላችሁት የሚሠራው ጸሐፊዎቹ ሁሉ ቁጥሩን ሲያሳድጉ ነው። ነባሩ ፕሮግራም ስለ ዓምዱ አያውቅምና በ4፡12 ሲጽፍ ቁጥሩ ካለበት አይነቃነቅም፤ የእናንተ አፕሊኬሽንም ምንም እንዳልተለወጠ ቆጥሮ ያልፋል። ዓምዱን የመጨመሩ አደጋም ለመጀመሪያው ጠያቂ እንደነገርኩት ነው። ሃይበርኔት ራሱ እንዲህ ላለው ዳታቤዝ ቨርዥን የማይፈልግ መንገድ አዘጋጅቷል፦ «ኦፕቲሚስቲክ ሎኪንግ» የሚለውን ምልክት «ደርቲ» በሚለው ዓይነት ከ«ዳይናሚክ አፕዴት» ጋር ስትጠቀሙ፣ የማሻሻያ ትእዛዙ የሚለወጠውን ዓምድ አሮጌ እሴት በማጣሪያው ውስጥ ይጨምራል። «ስልኩ ካነበብኩት ጋር አንድ እንደሆነ ለውጠው» እንደ ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ስልኩን ቀድሞ ለውጦት ከሆነ የሚለወጥ ረድፍ አይገኝም፤ ትራንዛክሽኑም በስህተት ይቆማል። ይህ ጥበቃ ግን የሚሸፍነው ረድፉ በተነበበበትና በተጻፈበት በአንዱ ሴሽን (ሃይበርኔት ከዳታቤዙ ጋር በሚሠራበት አንድ ዙር) መካከል ያለችውን አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ከ4፡10 እስከ 4፡15 ላለው ጊዜ፣ ገጹ ሲከፈት የነበረውን እሴት ከገጹ ጋር ይዛችሁ ስትመዘግቡ ከአዲስ ከተነበበው ጋር ማነጻጸር አለባችሁ። ዳታቤዛችሁ ፖስትግሬስ ከሆነ እያንዳንዱ ረድፍ «ኤክስሚን» የሚባል ስውር ዓምድ ስላለው ማንም ቢጽፍበት ራሱ ይለወጣል፤ ሠላሳ እሴት ከመሸከም ያንን አንድ ቁጥር መሸከም ይቀላል።

የሁለተኛ ደረጃ ካሽ (ሃይበርኔት ያነበባቸውን ረድፎች ለቀጣይ ንባብ የሚያቆይበት ቦታ) ለዚህ ሰንጠረዥ ከተከፈተ ዛሬውኑ ዝጉት። ነባሩ ፕሮግራም ሲጽፍ ለካሹ የሚነግረው የለም።

ጥያቄ፦ ደንበኛን በመለያ ኮዱ መፈለግ በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ትእዛዙን በእጃችን ስንጽፍ ወዲያው ይመልሳል፤ በኦአርኤሙ በኩል ግን ብዙ ሰከንድ ይፈጃል። ከሎጉ የተገለበጠው ኤስኪውኤል በሁለቱም በኩል አንድ ነው። ዓምዱም ፍለጋን የሚያፋጥን ኢንዴክስ አለው።

መልስ፦ ጽሑፉ አንድ ይሁን እንጂ የሚላከው ፓራሜተር (ከትእዛዙ ጋር ለብቻው የሚሄደው እሴት) አንድ አይደለም። የቆዩ ዳታቤዞች የመለያ ኮድን በ«ቫርቻር»፣ ማለትም ዩኒኮድ ባልሆነ የጽሑፍ ዓይነት ያስቀምጣሉ፤ ጃቫን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው የማይክሮሶፍት የጄዲቢሲ ድራይቨር ግን ጽሑፍን ሁሉ፣ ካልተነገረው በስተቀር፣ እንደ ዩኒኮድ ማለትም እንደ «ኤንቫርቻር» ይልካል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ሲገጥሙት ዝቅ ያለውን ወደ ከፍተኛው ይለውጣል፤ እዚህ ላይ ዝቅ ያለው «ቫርቻር» ነውና የሚለወጠው የላካችሁት አንድ እሴት ሳይሆን የዓምዱ እሴት ነው። በተለይ ዓምዱ ከቆዩት፣ ስማቸው በ«ኤስኪውኤል» ከሚጀምሩት ኮሌሽኖች (የጽሑፍ ማወዳደሪያ ደንቦች) በአንዱ የተሠራ ከሆነ፣ በኢንዴክሱ ውስጥ በቀጥታ ወደ ቦታው መሄድ ይቀርና ኢንዴክሱ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። በእጃችሁ ስትሞክሩ ኮዱን በተራ ነጠላ ጥቅስ ስለጻፋችሁት ይህ አልደረሰባችሁም። ከጥቅሱ በፊት የዩኒኮድ ምልክት የሆነችውን «ኤን» ፊደል ጨምራችሁ ሞክሩት፤ በእጅ የተጻፈውም እንደ ኦአርኤሙ መዘግየት አለበት። የአፈጻጸም ዕቅዱንም ብታዩት ስውር የዓይነት ለውጥ መኖሩን በማስጠንቀቂያ ይጠቁማችኋል።

መፍትሔው አጭር ነው። በጃቫ ከሆናችሁ፣ ዳታቤዙ ውስጥ የዩኒኮድ ዓምድ እንደሌለ ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ በግንኙነት መስመሩ ላይ ድራይቨሩ የጽሑፍ ፓራሜተርን እንደ ዩኒኮድ እንዲልክ የሚያዘውን ማስተካከያ «ፎልስ» አድርጉት። በማይክሮሶፍቱ ኦአርኤም በኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ከሆናችሁ ያንን ዓምድ ብቻ ዩኒኮድ እንዳልሆነ በሞዴሉ ላይ ንገሩት። ኮዱን ፈልጋችሁ ስታወዳድሩ ዓምዱን በ«ትሪም» ወይም በ«ሎወር» መጠቅለልም ኢንዴክሱን ከጥቅም ውጪ እንደሚያደርገው በዚሁ አጋጣሚ አስቡበት።

ጥያቄ፦ ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮርን ወደ 7 ካሳደግን ወዲህ በአንዳንድ ሰንጠረዦች ላይ መመዝገብ አልቻልንም። ከኮዳችን የለወጥነው አንድም መስመር የለም። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ የማይመዘግቡት ሰንጠረዦች ትሪገር (ረድፍ ሲጻፍ በራሱ የሚሠራ የዳታቤዝ ኮድ) ያለባቸው ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በ2022 የወጣው ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር 7 በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ፍጥነት ለመጨመር ሲል የተመዘገበውን ረድፍ የሚመልስለትን የ«አውትፑት» ሐረግ በቀጥታ መጠቀም ጀመረ፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ትሪገር ባለበት ሰንጠረዥ ላይ ያንን ሐረግ በዚያ መልክ አይቀበልም። ሰንጠረዡ ትሪገር እንዳለው በሞዴሉ ላይ «ሃዝትሪገር» በሚለው ትእዛዝ ከነገራችሁት ወደ ቀድሞው ዘዴ ይመለሳል፤ በ8 ደግሞ ሐረጉን ለአንድ ሰንጠረዥ ለይቶ መዝጋት ይቻላል። ስሕተቱ የሚታየው ያ ሰንጠረዥ ሲጻፍበት ብቻ ስለሆነ ግን፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ እስከዚያው ድረስ ዝም ይላል። ስለዚህ ስሕተት ያሳዩትን ብቻ እያሳደዱ ከማረም፣ ከዳታቤዙ የሲስተም ሰንጠረዦች ትሪገር ያላቸውን ሁሉ አስወጥታችሁ ዝርዝሩን ከሞዴሎቻችሁ ጋር አስተያዩ።